እትዬ ለተብርሃን አይጠቀልሉም

ሰናይት ስትደውልልኝ ገና «ሃሎ» ስትል ድምፅዋ ነገረኝ። ሰናይት የእትዬ ለተብርሃን የእህት ልጅ ናት። «አክስቴ ዛሬ ጧት አረፈች» አለችኝ። ቆየት ብላ፣ ለቅሶና ሳቅ በተደባለቀበት ድምፅ፣ «ትናንት ምሳ ሲያቀርቡላት ምን እንዳለች ልንገርሽ?» አለችኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ በላስቲክ የተሸፈነ ሳህን ታመጣላቸዋለች። እትዬ ለተብርሃን ላስቲኩን በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉና «ይሄ ምግብ የት ተሠርቶ ነው እዚህ የመጣው?» ይላሉ። «እታች፣ ወጥ ቤት» ትላቸዋለች ነርሷ።

«እንግዲያው እሱን ተዪውና እኔን ወደ ታች አውርጂኝ።»

ሞታቸውን ስትነግረኝ የደረቀው ዓይኔ ይህን ስሰማ አነባ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ እትዬ ለተብርሃን ያው እትዬ ለተብርሃን ነበሩ።

ያወቅኋቸው በደርግ ዘመን ነው፤ እዚሁ ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ። ከትልቁ ገበያ ጀርባ፣ ባቡሩ ከላይዋ እየተንጓጓ የሚያልፍባት አንዲት ጠባብ ግቢ ነበረች። የግል ግቢ ናት። ባለቤቷ ሚስተር ፕራይስ የሚባል ሰው ሲሆን፣ ከድልድዩ ቅስቶች ሥር ለጨርቅ ነጋዴ፣ ለጫማ ጠጋኝ፣ አሮጌ ሬዲዮ ለሚሸጥ ሰው ቦታ ያከራያል። ከሁሉም ጥግ፣ ከመጋረጃ ሻጩ ቀጥሎ፣ አንድ የጋዝ ምድጃና አንድ ጥልቅ መጥበሻ የያዘች ድንኳን ቆማለች።

እኔ በሱዳን በኩል ከመጣሁ ገና ቅርብ ጊዜ ነበር። ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው አንብቦ የመለሳቸውን መጻሕፍት በየቦታቸው እደረድራለሁ፤ ማታ ማታ እማራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የተጣመመ ጽሑፍ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። በድንኳኗ ላይ የተንጠለጠለው ካርቶን ደግሞ ጽሑፉ ወደ ታች የሚንሸራተት፣ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ቦታ አጥተው ጠርዙ ላይ የተጨፈላለቁ ነበር። በእንግሊዝኛ «የሳን አንቶኒዮ ታኮ» ይላል። ቆሜ ሳየው አንድ ድምፅ በአማርኛ ያዘኝ።

«የአገሬ ልጅ አይደለሽም?»

ቀና ስል ረጅም፣ ቀጭን ሴትዮ፣ ሹሩባቸውን በነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ሽርጣቸው ከሸሚዜ የነጣ።

«ነኝ እትዬ።»

«ታዲያ ሰሌዳዬን ምን ያስገላምጥሻል?»

«ጽሑፉ ተጣሟል።»

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ብዪ።»

ምን እንደሚሸጡ ስጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡኝ ሥራ ጀመሩ። ከእርጥብ ጨርቅ ሥር የእንቁላል ያህል ሊጥ ቆንጥረው በሁለት መዳፋቸው መሀል ጠፈጠፉት። በትንሽ ጣታቸው አማተቡበትና የጋለ ዘይት ውስጥ ለቀቁት። ጆሯቸውን ወደ መጥበሻው ዘንበል አደረጉ። ሊጡ መጀመሪያ ሰመጠ፤ ቀጥሎ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ እንደ ፊኛ ተነፋ። «ተነሣ!» አሉት፣ ሰው እንደሚያዙ። ወዲያው በማማሰያ ጀርባ መሀሉን ጫን ሲያደርጉት ግራና ቀኙ ቀና ብሎ ታንኳ መሰለ። አውጥተው አንጠፈጠፉት። በከሙን የተቁላላ የተፈጨ ሥጋ፣ የተከተፈ ሰላጣ፣ ቲማቲምና አይብ ሞሉበት፤ ከላይ ቃሪያ የበዛበት ስልስ አፈሰሱበት፤ ወደኔም ዘረጉት።

«ይጠቅልሉልኝ፤ ቤቴ ወስጄ እበላዋለሁ» አልኩ።

«አልጠቀልልም።»

«በትንሽ ወረቀት ብቻ…»

«በሐርም አልጠቀልልም። አሁን ከውጭ ይንኮሻኮሻል፤ ከውስጥ ለስላሳ ነው። ቤትሽ ሲደርስ እርጥብ ጨርቅ ይሆናል። ታኮው እግር የለውም፣ ጓለይ። እግር ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ።

አልበላሁም። ግቢው ሰው ሞልቶበታል። አንዲት ሴት በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ቆማ፣ አፏን ከፍታ፣ ስልስ በክንዷ እየወረደ… እናቴ በሕይወት ባትኖርም ያየችኝ ያህል ተሰማኝ። «ቸኩያለሁ» ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ግን ጣውላ፣ ቀለምና ብሩሽ ይዤ መጣሁና ሰሌዳውን ቀጥ አድርጌ ጻፍኩላቸው። ሳን አንቶኒዮ የት እንዳለችም በአትላስ አይቼ ነው የመጣሁት፤ የማላውቀውን ቦታ ስም መጻፍ አልወድም። ቴክሳስ ውስጥ ናት።

«ቴክሳስ ሄደው ያውቃሉ?» አልኳቸው እየጻፍኩ።

«እኔ? ከአስመራ ወደ ሮም፣ ከሮም እዚህ። ቴክሳስ ናት እኔ ዘንድ የመጣችው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ለተብርሃን አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች ሠፈር ውስጥ አሥር ዓመት ምግብ አብስለዋል። የመጨረሻዋ እመቤታቸው ኤልቪራ የምትባል የአንድ ወታደር ሚስት ነበረች፤ አያቶቿ ከሜክሲኮ የመጡ፣ እሷ ሳን አንቶኒዮ ተወልዳ ያደገች። አሜሪካኖቹ ሜክሲኮአዊት ይሏታል፤ ሜክሲኮ ስትሄድ ደግሞ አሜሪካዊት ይሏታል። «እኔ የሳን አንቶኒዮ ሰው ነኝ፤ ታኮዬም የሳን አንቶኒዮ ነው» ትል ነበር። ይህ የሚነፋው ታኮ ሌላ ከተማ እንደልብ አይገኝም፤ ሰው ብዙ ሰዓት መኪና ነድቶ እዚያ ድረስ ሄዶ ይበላዋል፣ ብላ ነግራቸዋለች። ሁለቱም ካቶሊኮች ናቸው፤ እሑድ እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከዚያ መልስ አብረው ይጠብሳሉ። የኤልቪራን ልጅ ዳኒን እትዬ ለተብርሃን አዝለው ነው ያሳደጉት።

እንግሊዝኛቸውንም ያስተማረቻቸው ኤልቪራ ናት። ቃላቱን እየሳቡ፣ በቴክሳስ ቅላጼ፣ ደንበኛውን ሁሉ «ሃኒ» እያሉ ሲናገሩ የለንደን ሰው ግራ ይገባዋል።

ሊጡን ለንደን ውስጥ እንዴት እንዳገኙት ሲያወሩ ደጋግመው ይስቁ ነበር፤ መጀመሪያ ግን አልቅሰውበታል። አስመራ እያሉ የተዘጋጀ ዱቄት ከአሜሪካ በከረጢት ይመጣላቸው ነበር። እዚህ የለም። ተራውን የበቆሎ ዱቄት እንደ ቂጣ ለውሰው ዘይት ውስጥ ቢለቁት እንደ አሸዋ ፈረሰ። ስንት ዓይነት ዱቄት ሞከሩ። አንድ ቀን ኤልቪራ ስለ አያቷ ያወራችው ትዝ አላቸው፦ በቆሎውን ከኖራ ጋር ይቀቅሉት ነበር። ኖራ! እትዬ ለተብርሃን የሕንፃ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሄዱ።

«ስንት ግድግዳ ነው የሚቀቡት?» አላቸው ሻጩ።

«ግድግዳ የለኝም። ልበላው ነው።»

ሰውየው ዕቃውን ወደ ኋላ ሳበ። መጨረሻ ላይ አንድ ህንዳዊ ባለ ሱቅ፣ የአገሩ ሰዎች ከቅጠል ጋር የሚያኝኩትን የሚበላ ነጭ ኖራ በትንሽ ቆርቆሮ ሰጣቸው። ነጩን በቆሎ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባል ሠፈር ካለ የናይጄሪያኖች ሱቅ ያመጣሉ። ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ልጣጩን በእጃቸው አሽተው አጥበው፣ በሥጋ መፍጫ ሁለት ጊዜ ይፈጩታል። ያልተነፋ ታኮ ሸጠው አያውቁም። ያ ለግቢው እርግቦች ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በርጩማቸው ላይ እያነበብኩ ስቀመጥ ነው። ደንበኛ ብዙ ስላልነበራቸው ለወሬ ጊዜ ነበራቸው። እንግሊዞቹ የማያውቁትን ምግብ አይተው ያልፋሉ። የኛ ሰዎች ደግሞ ይመጡና እንደኔ «ይጠቅልሉልኝ» ይላሉ፤ «አልጠቀልልም» ሲባሉ ይሄዳሉ። ይባስ ብሎ አቶ መኮንን የሚባል የክሮይደን ሰው አንድ ቀን «ጓደኞቼ እዚያ ማዶ ቆመዋል» ብሎ ብዙ ታኮ ተቀበላቸው። ማዶ የቆመ ሰው አልነበረም። በላስቲክ ከረጢት አጭቆ፣ በባቡር ክሮይደን ወስዶ፣ ክርስትና ላይ ለተሰበሰበ ሰው አቀረበው። «የለተብርሃን ምግብ የታጠበ ካልሲ ነው» የሚለው ወሬ ከዚያ ድግስ ተነስቶ ሐበሻ ያለበትን ሠፈር ሁሉ አዳረሰ።

የሚበሉት ጥቂቶች ደግሞ መተላለፊያው ላይ ይቆማሉ። መጋረጃ ሻጩ መንገድ ተዘጋብኝ፣ ጨርቄን ስልስ ነካብኝ ብሎ ከሰሰ። ሚስተር ፕራይስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባርኔጣውን ሳያወልቅ የማያናግር፣ ግን ሥራው እንዲሄድለት የሚፈልግ ሰው ነው።

«ጠቅልለሽ ስጫቸውና ይሂዱ» አላቸው። «ቦታውን አንድ የበርገር ሻጭ ይፈልገዋል። ቅጠል ሳይረግፍ ወይ ትጠቀልያለሽ ወይ ትለቂያለሽ።»

እሱ ሲሄድ እኔ ፈራሁላቸው። «እትዬ፣ ምናለ ቢጠቀልሉ? ቦታው ይሻላል።»

«ቦታው ለምኔ? ጨርቅ ልሸጥበት?» ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «ኤልቪራ ስትሰናበተኝ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ለተ፣ ለማንም ሥሪ፤ ግን ታኮው ሳይተኛ ይብሉት› አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። የከተማዋን ስም ሰቅዬ ካልሲ ልሽጥ?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የሚገርመኝ የኛ ሰው ነው። ፈረንጁስ አያውቀውም። የኛ ሰው ለምን ይጠየፈኛል? አንቺስ? ይኸው ስንት ቅዳሜ ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጠሽ አንድ ቀን አልቀመስሽም።»

ፊቴ ጋለ። «ተጠይፌ አይደለም እትዬ። ሰው እያየኝ መንገድ ላይ መብላት… አፍራለሁ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «መንገድ ላይ መብላት ነው የምታፍሪው?»

«አዎ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው?»

«ይመስለኛል።»

እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «አሥር ዓመት ካሜሪካኖች ጋር ስኖር ነውሬን ጥዬዋለሁ ማለት ነው! እኔ እኮ የምታፍሩት በምግቤ መስሎኝ ነበር!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ከድንኳኑ ጎን፣ በቅስቱ ግድግዳ በኩል፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃ ሻጩ ያንኑ ስልስ የነካውን ጨርቅ ነው የገዙት። ሰውየው በዚያው ታርቋል። «ግቢ» አሉኝና ከኋላው አስገቡኝ። ግድግዳውና ጨርቁ መሀል ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚቆምባት ቀጭን ቦታ ናት። ታኮውን በመጋረጃው ቀዳዳ አቀበሉኝ። ነከስኩት። ተሰበረ፤ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ እንደ ዳቦ ለሰለሰ። የበቆሎው ሽታ፣ ከሙኑ፣ የቃሪያው ማቃጠል አንድ ላይ መጣ። ስልሱ በክንዴ እስከ ክርኔ ወረደ፤ ማንም አላየኝም። ከመጋረጃው ማዶ «እህስ?» ሲሉ ሰማኋቸው። አፌ ሞልቶ መመለስ አቃተኝ።

«ገባኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ይመስክር። በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን እናቶች መጡ፤ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው መጋረጃው ውስጥ ገቡና የልጃገረድ ሳቅ ሲስቁ ተሰማ። እነሱ ባሎቻቸውን ላኩ። እትዬ ለተብርሃን ካቶሊክ ቢሆኑም ለኦርቶዶክሶቹ ብለው የጾም መጥበሻ ለዩ፤ ረቡዕና ዓርብ ባቄላና ድንች እየሞሉ ያወጣሉ፣ የፍስክ ማማሰያ እዚያ አይደርስም። ወንድሙ በደርግ ጦር ውስጥ ያለ ሰውና ልጁ ደርግን ከሚወጋው ግንባር ጋር በረሃ የወጣ ሰው እዚያች ጠባብ ቦታ ጎን ለጎን ቆመው ያኝካሉ። ድምፅ ከፍ ሲል እትዬ ለተብርሃን መጋረጃውን በማማሰያ እጀታ መታ መታ ያደርጋሉ። «እዚያ ውስጥ አፍ ለመብል ብቻ ነው!»

እንግሊዞቹ ደግሞ ሰው የሚሰለፍለት፣ ሳቅና መንኮሻኮሽ የሚሰማበት ነገር ከመጋረጃው ኋላ ምን እንደሆነ ለማወቅ መሰለፍ ጀመሩ።

የአገራችን ረሃብ በቴሌቪዥን የታየው በዚያው ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ከየት ነሽ መባል ራሱ ያማል። እኔ አውቶቡስ ላይ ሲጠይቁኝ ያልሰማሁ መስዬ መጽሐፌ ውስጥ እገባ ነበር። አንድ ቀትር ላይ ጓደኞቹን ያስከተለ ጎረምሳ ድንኳኑ ፊት ቆሞ፣ «ከዚያ አገር ነሽ አሉ። እዚያ ደግሞ ምግብ አለ እንዴ?» አላቸው። ጓደኞቹ ሳቁ። ሰልፉ ላይ የነበርን ሐበሾች አንገታችንን ደፋን።

እትዬ ለተብርሃን አንገታቸውን አልደፉም። አንዱን ታኮ ሞልተው፣ በዚያ በሚስቡት እንግሊዝኛ፣ «የተራብክ ትመስላለህ፣ ሃኒ። እንካ ብላ» አሉት። ልጁ ሳያስበው ተቀበለ፤ ሳያስበው ነከሰ። እያኘከ ደግሞ ነከሰ። ሊከፍል እጁን ኪሱ ሲሰድ፣ «ተወው። ለተራበ ሰው አልሸጥም» አሉት። አሁን ጓደኞቹ የሳቁት በእሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እናቱን ይዞ መጣ። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ አውቶቡስ ላይ ሲጠይቁኝ መልስ መስጠት ጀመርኩ።

ሚስተር ፕራይስ ግን መጋረጃውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይሄ ምንድነው? ጠንቋይ ቤት ከፈትሽብኝ? እኔ ጠቅልዪ ነው ያልኩሽ።» የበርገር ሻጩም አብሮት መጥቶ፣ ቦታውን በሜትር እየለካ ነበር።

እትዬ ለተብርሃን ጋዙን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ፣ «ሚስተር ፕራይስ፣ ለዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ይምጡ» አሉ። «ይህን ያስተማረችኝ ሴት ከቴክሳስ ትመጣለች። ቀምሳ ‹የኛ አይደለም› ካለች፣ ሰሌዳውንም ድንኳኑንም እኔው ነቅዬ እሄዳለሁ። የኛ ነው ካለች ግን ጠቅልዪ አይሉኝም።»

እውነታቸውን ነው። የኤልቪራ ልጅ ዳኒ አድጎ እንደ አባቱ ወታደር ሆኖ፣ በእንግሊዝ ምሥራቅ በኩል ወዳለ የአሜሪካኖች ጦር ሠፈር ተመድቦ ነበር። እናቱ ልትጠይቀው እንደምትመጣ እትዬ ለተብርሃን ሲሰሙ፣ «ለንደን ድረስ ነይና ቅመሺ» የሚል ደብዳቤ አጽፈውኛል። እኔ ግን እንደዚያ ቆርጠው ይናገራሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

«እትዬ፣ ባትወደውስ?» አልኳቸው ሰዎቹ ሲሄዱ።

«አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ የከተማዋን ስም ሰቅዬ ስሸጥ፣ ትወደዋለች ብዬ ነው እንጂ አውቄ አይደለም። ማወቅ አለብኝ፣ ጓለይ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ኤልቪራ ከባቡር ወርዳ በግቢው በር ስትገባ፣ አጭር፣ ሰፋ ያለች፣ ሽበታም ፀጉሯን እንደ ኮፍያ የተቆረጠች፣ ሐምራዊ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። ቀጥ ብላ መጥታ ትከሻዋን ከእትዬ ለተብርሃን ትከሻ ጋር አጋጨች፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ልክ እንደ አስመራ ሰው። ሁለቱም አለቀሱ። ሰልፉም አለቀሰ ማለት እችላለሁ። ሚስተር ፕራይስ ብቻ ሰዓቱን አየ።

ኤልቪራ እንባዋን ጠርጋ እርጥቡን ጨርቅ ገለጠች። ሊጡን ቆንጥራ አሸተተች፤ በሁለት ጣቷ አሸችው።

«ኖራ?» አለች።

«ኖራ።»

«ከየት?»

«ከህንድ ሱቅ።»

«አያቴ ትሰማለች» አለችና ሳቀች። «ጥበሺ።»

የመጀመሪያው አልተነሣም። ዘይቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። የበርገር ሻጩ ሜትሩን በእጁ ይዟል። እትዬ ለተብርሃን በሁለት ጣታቸው አወጡትና ማንንም ሳያዩ ለእርግቦቹ ወረወሩት። ሁለተኛውን ጠፈጠፉ፤ አማተቡ፤ ለቀቁ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ተነፋ። «ተነሣ!» ያሉት በሹክሹክታ ነበር።

ሞልተው ሰጧት። ኤልቪራ መጋረጃውን በዓይኗ እያሳየች «ያ ለምንድነው?» አለች።

«እኛ ሰው ፊት መንገድ ላይ መብላት እናፍራለን።»

«ሳን አንቶኒዮ ሰው መኪናው ላይ ተደግፎ ነው የሚበላው» አለችና እዚያው መተላለፊያው መሀል ቆማ ነከሰች። ሁላችንም መንጋጋዋን እናያለን። ስልሱ በሐምራዊው ካፖርት እጅጌ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ጨረሰች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ላሰች።

«ለተ» አለች። «የእናቴን ይመስላል ልልሽ ነበር የመጣሁት። አይመስልም።»

እትዬ ለተብርሃን የድንኳኑን እንጨት ያዙ።

«የእናቴ እንዲህ አይነሣም ነበር።»

ሰልፉ ምን እንደተባለ ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ሲገባው ግን እልልታው ባቡሩን አስረሳን። የቤተ ክርስቲያን እናቶች በመጋረጃው ቀዳዳ አንገታቸውን አስወጥተው ያቀልጡታል። ኤልቪራ አንዱን ራሷ ሞልታ ለሚስተር ፕራይስ አስያዘችው። ባርኔጣውን ብብቱ ሥር አድርጎ በላ። ሌላም በላ።

ከዚያ ኤልቪራ ባቡሯ ሲደርስ ቦርሳዋን አነሳችና፣ «ለዳኒ ሁለት ጠቅልዪልኝ። ዛሬ ተረኛ ሆኖ ነው የቀረው» አለች።

እትዬ ለተብርሃን እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ «አልጠቀልልም» አሉ።

«ለኔም?»

«ላንቺም። ልጅሽን ላኪው።»

ለአፍታ ተያዩ። ኤልቪራ ወደ ሚስተር ፕራይስ ዞራ ጣቷን ቀሰረች። «ሰማህ? አሁን የኛ መሆኑን አወቅህ?»

ሚስተር ፕራይስ ባርኔጣውን አጠለቀ። «ሂድ እንግዲህ፣ ሌላ ቦታ ፈልግ» አለው ለበርገር ሻጩ። ለእትዬ ለተብርሃን ደግሞ፣ «መጋረጃው ግን ቢወርድ ደስ ይለኛል» አላቸው።

«የሚያፍሩት ማፈር ሲተዉ ይወርዳል» አሉት።

ዳኒ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ያ ያዘሉት ልጅ ከድንኳኑ አናት በላይ ሆኖ፣ ፊቱን እንዲስሙት እስከ ወገቡ ጎንበስ ሲል አየሁት።

ከዚያ በኋላ ሰው ከሌላ ከተማ ሁሉ በባቡር እየመጣ ይበላ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ሲደክማቸው ድንኳኑን ለሰናይት ሰጡ። ደርግም ወደቀ፣ ሚስተር ፕራይስም አለፈ፤ ግቢው ለልጁ ተላለፈ፣ መጋረጃው በሌላ መጋረጃ ተተካ። እኔ ግን እስከ ሞታቸው ድረስ ከዚያ ጨርቅ ወጥቼ በልቼ አላውቅም።

ከቀብር በኋላ አዳራሽ ውስጥ እዝን ቀርቦ ነበር። ሰው ሳህኑን ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይበላም። «የሷ ምግብ ነበር መቅረብ የነበረበት» አለ አንዱ። «እንዴት ተብሎ ይመጣል?» አለ ሌላው። አሁን በዱላ የሚሄዱት አቶ መኮንን፣ የክሮይደኑ፣ መጀመሪያ ተነሡ። «እኔ እንደማይመጣ በደንብ አውቃለሁ» አሉ። «እንሂድ።»

ጥቁራችንን እንደለበስን ሼፈርድስ ቡሽ ሄድን። ሰናይት ሽርጥ አጠለቀች፤ ዘይቱን አጋለች። የመጀመሪያው አልተነሣም፤ ለእርግቦቹ ወረወረችው። ሁለተኛውን አማትባ ለቀቀችው። ጆሯችንን ሁላችንም ዘንበል አድርገን ነበር። ሲነፋ፣ ሳንነጋገር፣ ባንድ አፍ «ተነሣ!» አልን።

ሰናይት ሞልታ ለኔ ዘረጋችው። መጋረጃው በቀኜ ነው። ግቢው ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ዕቃ እየገዙ ቆም ብለው ጥቁር ለባሽ ሽማግሌዎችን ያያሉ። እዚያው መተላለፊያው መሀል ቆምኩና አፌን ከፈትኩ። ስልሱ በጥቁሩ እጅጌዬ ወረደ። አልጠረግሁትም።